ሳቢሳ ሳትደነግጥ፦ የውኃ ዳር ወፍን በመኖሪያዋ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ሆነ በጣና ዳርቻ፣ ረጅም እግር፣ ረጅም አንገትና እንደ ጦር የሾለ ምንቃር ያላት ወፍ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆማ ስትታይ ብዙዎቻችን ‹‹ሽመላ›› ብለን እናልፋታለን። ይሁን እንጂ ሽመላና ሳቢሳ በሥነ ሕይወት ምደባ የተለያዩ ቤተሰቦች አባላት ናቸው። ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ሲበሩ መመልከት ነው። ሽመላ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ ትበራለች፤ ሳቢሳ ግን አንገቷን አጥፋ፣ ጭንቅላቷን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ ትበራለች። (አባ ኮዳ ከሽመላ ወገን ሆኖ ሳለ ሲበር አንገቱን ስለሚያጥፍ ከዚህ ደንብ ውጭ ነው፤ ተፈጥሮ ለእኛ ደንቦች ብዙም አትጨነቅም።)

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወፏን ለይቶ ለማወቅ ስትበር ማየት ይጠቅማል፤ በሚገባ ፎቶግራፍ ለማንሣት ግን በእኛ ምክንያት እንዳትበር ማድረግ ያስፈልጋል። ደንግጣ የምትሸሽ ሳቢሳ ምስል ስለ ሳቢሳ ኑሮ የሚነግረን ጥቂት ነው። እንዴት እንደምታድን፣ ምን እንደምትመገብ፣ ከጎረቤቷ ጋር እንዴት እንደምትኖር አያሳይም። የሚያሳየው አንድ ሰው ከሚገባው በላይ ቀርቧት እንደነበረ ብቻ ነው። እኛም ካሜራ ይዘን ወደ ሐይቅ ዳር መውጣት በጀመርንበት ጊዜ ካነሣናቸው ምስሎች የሚበዙት እንዲህ ያሉ ነበሩ።

በዚህ ጽሑፍ ሳቢሳን ሥራዋን ሳናስተጓጉል ፎቶግራፍ ለማንሣት ምን ዓይነት የሥነ ሕይወትና የፊዚክስ ዕውቀት እንደሚያስፈልግ እንመለከታለን። የካሜራው ዋጋ ሁለተኛ ጉዳይ ነው።

አዳኟ ምን ታደርጋለች?

በአገራችን በርካታ የሳቢሳ ዓይነቶች ይገኛሉ። ከሁሉም ግዙፏ ጎልያድ ሳቢሳ ስትሆን፣ ቁመቷ እስከ 1.5 ሜትር ስለሚደርስ ከዓለም ሳቢሳዎች ሁሉ ትልቋ ናት። ከብት በተሰማራበት ሁሉ የማትጠፋውና ሣር ውስጥ የሚረበሹትን ነፍሳት የምትለቅመው ትንሿ ነጭ ወፍም የዚሁ ቤተሰብ አባል ናት። ባለ ጥቁር ራስ ሳቢሳ ደግሞ ከውኃ ርቃ በእርሻና በሣር ሜዳ ላይ ስለምታድን አዲስ አበባ ውስጥ ሳይቀር ትታያለች። ጥቁር ሳቢሳ የምትባለው ሌላዋ ዝርያ የምትሠራውን ዘዴ ግን ኋላ እንመለስበታለን።

መጠናቸውና ቀለማቸው ቢለያይም የአደን መሣሪያቸው አንድ ነው። የሳቢሳ አንገት ውስጥ ስድስተኛው አከርካሪ አጥንት ከሌሎቹ የረዘመና የመገጣጠሚያው ቅርጽ የተለየ በመሆኑ አንገቷ እንደ ታጠፈ ክንድ ተሰብስቦ ይቆማል። ጡንቻዎቹ ሲለቀቁ ጭንቅላቷ በቀጥታ መስመር ወደ ፊት ይወነጨፋል። በእረፍት ላይ ያለች የምትመስል ወፍ በአንድ ቅጽበት ውስጥ ዓሣ ይዛ የምትገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ምንቃሩ ፈጣን መሆኑ ብቻውን አይበቃም። የፊዚክስ መምህሮቻችን በውኃ ብርጭቆ ውስጥ የተሰበረ የሚመስለውን እርሳስ ያሳዩን እንደነበረ እናስታውሳለን። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ የውኃ የስብረት መለኪያ 1.33 ያህል ነው። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ በቀጥታ ከላይ ለሚመለከተው በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ይመስለዋል። ከጎን በጥምዝ ስንመለከተው ስሕተቱ ከዚህም ይበዛል። ሳቢሳ የምትመለከተው አብዛኛውን ጊዜ በጥምዝ ነው። ዓሣውን ባየችበት ቦታ ብትወጋ ኖሮ ጦም ባደረች ነበር።

ይህን እንቆቅልሽ ከመረመሩት መካከል ጋዲ ካትዚርና ናታን ኢንትራቶር ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት በቀይ ባሕር ዳርቻዎችም የምትኖረውን የባሕር ዳር ሳቢሳ በውኃ ውስጥ ያለ ምግብ ስትወጋ ተከታትለዋል። ከመውጋቷ በፊት ጭንቅላቷን የምታደርስበት ቦታ እንዲሁ የተገኘ አይደለም፤ በእውነተኛው ጥልቀትና ለዓይን በሚታየው ጥልቀት መካከል ካለው ዝምድና ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ አነጋገር ወፏ ስብረቱን ታርማለች፤ ለማረም ደግሞ ጭንቅላቷን በተገቢው ቦታ ማስቀመጥ አለባት።

ይህ ለፎቶግራፍ አንሺ ትልቅ ምሥጢር ነው። ሰው አንድ ነገር ዐይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ጊዜ ያልፋል፤ ምንቃሩ ውኃውን ሲነካ ዐይቶ የካሜራውን ቁልፍ የሚጫን ሰው የሚያገኘው የውኃ ፍንጣቂና እርጥብ ጭንቅላት ነው። ስለዚህ ከመውጋቱ በፊት ያለውን መዘጋጀት ማንበብ ይገባል። ሳቢሳዋ በዝግታ ስትራመድ ቆይታ በድንገት ትቆማለች፤ አንገቷን ቀስ በቀስ ወደ ፊት ታዘነብላለች፤ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ወይም ወደ ታች በጥቂቱ ታስተካክላለች፤ ከዚያም ፍጹም ጸጥ ትላለች። ይህ የመጨረሻው ጸጥታ ሲመጣ ጣት ቁልፉ ላይ መሆን አለበት። ካሜራው በተከታታይ የሚያነሣ ከሆነ ከዚህ ጊዜ ጀምሮ መተኮስ ነው። ብዙ ጊዜ ወፏ ሐሳቧን ለውጣ እንደገና መራመድ ትጀምራለች፤ ያኔ ያነሣናቸውን አሥር ወይም ሃያ ምስሎች መሰረዝ ግድ ይሆናል። ጎልያድ ሳቢሳን ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ትዕግሥቱ እጥፍ መሆን አለበት። እርሷ ትልልቅ ዓሣ የምትፈልግና በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የምትወጋ ወፍ ስለሆነች፣ ሙሉ ጧት ቆመን አንድም ምንቃር ውኃ ሳይነካ ወደ ቤት የተመለስንባቸው ቀናት አሉ።

ነጭ ወፍ በጥቁር ውኃ ላይ

የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። የተሠራው ከፊቱ ያለው ትዕይንት በአማካይ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን እንደሚመልስ በመገመት ነው፤ ይህም መካከለኛ ግራጫ ማለት ነው። አሁን በጠዋት ጥላ ውስጥ ያለ ጥቁር ውኃ ላይ አንዲት ነጭ ሳቢሳ ቆማ እናስብ። ከምስሉ ሰፊውን ክፍል የያዘው ውኃው ስለሆነ መለኪያው ‹‹ጨልሟል›› ብሎ ብርሃን ይጨምራል። ውኃው ግራጫ ይሆናል፤ የወፏ ላባ ደግሞ እንደ ነጭ ወረቀት ምንም ዝርዝር የሌለው ሆኖ ይቀራል። ላባ ላይ የነበረው መረጃ አንዴ ከጠፋ በኮምፒውተር አይመለስም። በዚህ ጊዜ መለኪያው ከሚለው አንድ ወይም ሁለት እርከን መቀነስ ያስፈልጋል። ወፏ ምስሉን በሙሉ ስትሞላ ነገሩ ይገለበጣል፤ መለኪያው ነጯን ወፍ ግራጫ ሊያደርጋት ስለሚሞክር አንድ እርከን ያህል መጨመር ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ግራ መጋባት የሚያድን አንድ የቆየ ደንብ አለ። ጥርት ባለ ፀሐይ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ ሲሆን፣ የመዝጊያው ፍጥነት የአይ ኤስ ኦ ቁጥሩ ግልባጭ ይሁን የሚል ነው። አይ ኤስ ኦ 400 ከሆነ በ1/400 ሰከንድ ማለት ነው። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 5.6 ብንከፍተው ሦስት እርከን ስለጨመርን ፍጥነቱ 1/3200 ይሆናል። ለነጭ ወፍ አንድ እርከን እንቀንስና በእጅ አስተካክለን እንተወዋለን። ፀሐዩ እስካልተለወጠ ድረስ ወፏ ጥቁር ውኃ ላይ ብትቆም፣ ደንገል ፊት ብትቆም ወይም ሰማይ ላይ ብትበር የሚያርፍባት ብርሃን ያው ነው።

የፀሐዩ ከፍታ ግን ዋናው ነገር ነው። ከአውሮፓ የመጡ የፎቶግራፍ መጻሕፍት ስለ ለስላሳው የጧት ብርሃን ሲናገሩ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ያስመስሉታል። በእኛ ኬክሮስ እንዲህ አይደለም። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ከወጣች ከሦስት ሰዓት በኋላ ከፍታዋ 45 ዲግሪ ያህል ይደርሳል፤ በተመሳሳይ ጊዜ ለንደን ላይ 26 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ መልካም ብርሃን ያገኛል፤ ሦስት ሰዓት ላይ የደረሰ ግን ከምንቃሩ በታች ጥቁር ጥላ፣ ከጀርባዋ ላይ የሚያጥበረብር ነጭ ያገኛል። ከዚያም በላይ መሬቱና ውኃው በተለያየ ፍጥነት ሲሞቁ በመካከላቸው ያለው አየር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በሩቅ አስፋልት ላይ ውኃ የሚመስለን ነገር ታናሽ ወንድም ነው፤ በረጅም ሌንስ ሲታይ የወፏ ዓይን እንደሚፈላ ነገር ይርገበገባል። ይህን የትኛውም ውድ ሌንስ አያድነውም።

የውኃ ነጸብራቅም ሌላ ጣጣ ነው። ከውኃ ገጽ ተመልሶ የሚመጣ ብርሃን በከፊል የተሰለፈ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ስለሆነ ፖላራይዘር የተባለው ማጣሪያ ሊያስቀረው ይችላል። ማጣሪያው በይበልጥ የሚሠራው ከውኃው ገጽ በ37 ዲግሪ ገደማ ወደ ታች ስንመለከት ነው። ከመርከብ ማቆሚያ ላይ ወይም ከገደል አፋፍ ሆነን ስናነሣ ከወፏ እግር አጠገብ ያለውን ዓሣ ሳይቀር ያሳየናል። ደረታችንን መሬት አስነክተን በወፏ ዓይን ትይዩ ስናነሣ ግን ማዕዘኑ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ማጣሪያው አንድ ወይም ሁለት እርከን ብርሃን ከመብላት ያለፈ ብዙም አይጠቅምም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። እኛ በወፏ ዓይን ትይዩ መተኛቱን እንመርጣለን፤ ሳቢሳዋ ከነጸብራቋ ጋር ሁለት ሆና ትታያለችና።

ጥቁር ሳቢሳ ይህንኑ የነጸብራቅ ጣጣ በራሷ መንገድ የፈታች ይመስላል። ሁለት ክንፎቿን ወደ ፊት ዘርግታ እንደ ጃንጥላ ክብ ታደርጋቸዋለች፤ ጭንቅላቷን ከውስጥ ደብቃ ለጥቂት ሰከንዶች በራሷ ጥላ ሥር ታድናለች። ከዚያ ጃንጥላውን አጥፋ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዳ እንደገና ትዘረጋለች። ጥላው ነጸብራቁን ስለሚያጠፋላት ነው ወይስ ትንንሽ ዓሦች ጥላ ፈልገው ስለሚገቡላት የሚለው አከራካሪ ነው፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ግን ከሳቢሳዎች ሁሉ ደግ ናት። ዘዴዋን ደጋግማ ስለምትሠራ አንዱን ያመለጠ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ርቀቱን የሚወስነው ማን ነው?

ብዙ ወጣቶች በመጀመሪያ የሚጠይቁን ‹‹ስንት ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል?›› ብለው ነው። መልሱን በቀላል ስሌት ማግኘት ይቻላል። የምስሉ መጠን በግምት የወፏ ቁመት በሌንሱ የትኩረት ርዝመት ተባዝቶ ለርቀቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። 1.4 ሜትር የምትረዝም ጎልያድ ሳቢሳ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ብትቆም፣ በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ምስሏ 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የምስል መቀበያ ያለውን ካሜራ በቁሙ ስንይዘው በደንብ ትሞላዋለች። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን 3.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ግማሽ ሜትር የማትሞላው የከብት ሳቢሳ በዚያው 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ትሆናለች።

ስሌቱ ግን ሁለት ወጪዎችን ይደብቃል። አንደኛው የጥራት ጥልቀት ነው። በ400 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 5.6፣ በ15 ሜትር ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ከፊትና ከኋላ ተደምሮ 47 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ10 ሜትር ላይ ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ወደ እኛ ዞራ የቆመች ትልቅ ሳቢሳ ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ ከዚህ ትበልጣለች። ስለዚህ ትኩረቱ ዓይኗ ላይ ይሁን፤ ሌላው ቢደበዝዝ ተመልካች ይቅር ይላል፤ ዓይኗ የደበዘዘ ወፍ ግን ምስል አትባልም። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። ምንቃሩ በሰከንድ ሁለት ሜትር ይጓዛል ብለን ብናስብ፣ ምስሉ 50 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ በመቀበያው ላይ በሰከንድ 40 ሚሊ ሜትር ይሮጣል። በ1/250 ሰከንድ 0.16 ሚሊ ሜትር ይጎተታል፤ ይህ በግልጽ የሚታይ ድብዝዝታ ነው። በ1/2000 ሰከንድ 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል።

ይህ ሁሉ 20 ሜትር ድረስ መቅረብ እንደምንችል ታሳቢ አድርጎ ነው። መቅረብ መቻላችንን ግን የምትወስነው ወፏ ናት። ሳቢሳ ሰው ባልለመደችበት ረግረግ ገና ከሩቅ ትነሣለች፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አስጋሪዎች የዓሣ ተረፈ ምርት በሚጥሉበት ዳርቻ ግን ወፎቹ ሰውን ስለለመዱ ርቀቱ በእጅጉ ያጥራል። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ቦታ ይሻላል ብለን እንመክራለን፤ ወፏም አትጎዳም፣ ተማሪውም ተስፋ አይቆርጥም።

በየትም ቦታ ቢሆን ሳቢሳዋ ስሜቷን በአንገቷ ትናገራለች። አንገቷ ተሰብስቦ ወይም ወደ ውኃው አዘንብሎ ከሆነ ሥራ ላይ ናት። ድንገት ቀና አድርጋ እንደ ዱላ ከቀጥ አደረገችው፣ ላባዋንም በሰውነቷ ላይ ካጣበቀች አይታናለች፤ መቆም አለብን። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቀን ወደ አደኗ ካልተመለሰች የምናደርገው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ነው። ጎንበስ ብላ እግሯን ማጠፍ ስትጀምር ግን ጊዜው አልፏል፤ ልትነሣ ነው። በቀጥታ ወደ ወፏ መሄድ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ነገር ለእርሷ አዳኝ ነው። በጎን እያለፍን፣ እየቆምን፣ ዓይናችንን ሳንተክልባት ብንጠጋ ይበልጥ ትታገሠናለች። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ሳትመጣ በፊት ደርሶ መቀመጥ ነው። ጧት በጨለማ ደርሶ ፊላ ውስጥ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ለወፏ የአካባቢው ክፍል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንሰጥ ማለፍ አንፈልግም። ዝዋይን፣ ሐዋሳንና ጣናን ጨምሮ በብዙ ሐይቆቻችን ዳርቻ ብልሃርዝያ አለ። ለተሻለ ማዕዘን ብሎ ጫማ አውልቆ ውኃ ውስጥ መግባት ለበሽታው መጋበዝ ነው። ጉማሬ ባለበት ቦታ በንጋትና በምሽት ደንገል ውስጥ መሹለክለክ፣ ጫሞን በመሳሰለ ሐይቅ ደግሞ አዞ ባለበት ዳር መተኛት የከፋ አደጋ ያመጣል። የአካባቢውን ዓሣ አስጋሪዎች ሳይጠይቁ የትም አለመቀመጥ ነው።

የጎጆው ዛፍ

በአንድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር፣ በውኃ የተከበበ ግራር ላይ ብዙ ሳቢሳዎች ጎጆ ሠርተው አገኘን። ሳቢሳዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዛፍ ላይ በመንደር መልክ ስለሚራቡ፣ እንዲህ ያለ ዛፍ ያገኘ ፎቶግራፍ አንሺ ሀብት ያገኘ ይመስለዋል። እኛም እንዲሁ መሰለን። ጊዜው ከረፋዱ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ጀልባ የሚቀዝፍልን ወጣት ‹‹እዚህ ይበቃል›› ሲለን ‹‹ጥቂት ጠጋ በል›› አልነው። ጠጋ አለ። በአንድ ጊዜ ዛፉ ነጭ ደመና ሆኖ ተነሣ። እኛ ደስ ብሎን ቁልፉን ስንጫን ነበር።

ጭልፊቶቹን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሆነው ከላይ ወረዱ፤ አንደኛው ከጎጆ እንቁላል ይዞ ሲነሣ አየነው፤ ሌላው ምን እንደወሰደ አላየንም። ባዶ በቀሩት ጎጆዎች ውስጥ ገና ላባ ያላበቀሉ ጫጩቶች በቀጥታ ፀሐይ ላይ ተጋልጠው ነበር። ወላጆቻቸው በዚያ ሰዓት ክንፋቸውን ከፍተው ጥላ የሚሆኑላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጫጩት የሰውነቱን ሙቀት ገና በራሱ መቆጣጠር አይችልም፤ እንቁላል ውስጥ ያለ ፅንስም ከልክ ያለፈ ሙቀትን አይቋቋምም። ቀዛፊው ሳይጠየቅ ጀልባውን አዞረው። በመንገድ ላይ ማናችንም አልተናገርንም። በዚያን ቀን ከተነሡት ምስሎች አንዱ በቴክኒክ ረገድ ምንም አይወጣለትም፤ ለማንም አሳይተነው አናውቅም፤ አልሰረዝነውምም።

ከዚያ ወዲህ ጎጆ ያለበትን ዛፍ የምናነሣው ከሩቅ ዳርቻ ሆነን፣ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አቁመን ብቻ ነው። ምስሉ ትንሽ ይሆናል። ይሁን።

ምስክር የሆኑ ምስሎች

የሳቢሳ ፎቶግራፍ ታሪክ የውበት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ የሴቶች ባርኔጣ በነጭ ሳቢሳ ላባ ማጌጥ ፋሽን ነበር። የሚፈለገው ረጅሙና ስስ የሆነው ላባ የሚያድገው በመራቢያ ወቅት ስለሆነ፣ አዳኞች ወላጆቹን የሚገድሏቸው በጎጆአቸው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 አርተር ማቲንግሊ የተባለ አውስትራሊያዊ የወፍ ተመልካች በኒው ሳውዝ ዌልስ ቀደም ሲል ያያቸው ሳቢሳዎች ወደሚራቡበት ቦታ ሲመለስ፣ ወላጆቹ ተገድለው ጫጩቶቹ በጎጆ ውስጥ በረሃብ ሲሞቱ አገኘ። ያየውን በካሜራ አስቀረ። ምስሎቹ በ1907 ‹‹ኢሙ›› በተባለው የአገሩ የወፍ ጥናት መጽሔት ወጡ፤ በ1911 ደግሞ የላባ ንግድን የሚቃወሙ ሰዎች በለንደን ጎዳናዎች ላይ በሰሌዳ አዘዋወሯቸው። እንግሊዝ የላባ ማስገባትን የሚከለክለውን ሕግ ያወጣችው ከአሥር ዓመት በኋላ በ1921 ነው። ሕጉን ያስወጣው ፎቶግራፍ ብቻውን ነበር ማለት አይቻልም፤ የዓመታት ክርክርና ቅስቀሳ ውጤት ነው። ነገር ግን ባርኔጣውን የገዛችው ሴት ጎጆውን አይታው አታውቅም ነበር፤ ካሜራው አሳያት።

በዚያው በ1911 ኤማ ተርነር የተባለች እንግሊዛዊት ፎቶግራፍ አንሺ በኖርፎክ ረግረግ ውስጥ የአንዲት ቢተርን ጫጩት አነሣች። ቢተርን ሸምበቆ ውስጥ የምትደበቅ የሳቢሳ ዘመድ ስትሆን፣ በእንግሊዝ መራባቷን ካቆመች ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር። ምስሉ ወፏ ዳግም መራባት መጀመሯን አረጋገጠ። አንድ ጫጩት፣ አንድ ምስል፣ አንድ የሳይንስ ማስረጃ።

በዚያ ዘመን ካሜራ ከባድ ሳጥን ነበር፤ ረጅም ሌንስም እንደ ዛሬው የተለመደ አልነበረም። የኪርተን ወንድማማቾች ወደ ወፎች ለመቅረብ ሲሉ የበሬ ቆዳ በቅርጽ ላይ ወጥረው ከነካሜራቸው ውስጡ እስከ መደበቅ ደርሰዋል። እኛ አገር ግን ሰው ሠራሽ በሬ አያስፈልገንም፤ እውነተኛው አለ። የከብት ሳቢሳ መንጋውንና እረኛውን ስለማትፈራ፣ ከእረኛው ፈቃድ አግኝቶ ከመንጋው ጎን በዝግታ የሚሄድ ሰው ሌላው ካሜራ ተሸክሞ ከሚደርስበት ይበልጥ ይጠጋል።

በእጅ ባለው መሣሪያ መጀመር

ረጅም ሌንስ የሌለው ተማሪ በጓሮው መጀመር ይችላል። በክረምት ማለቂያ በየግቢው ሣር ላይ የምትራመደውን ባለ ጥቁር ራስ ሳቢሳ መስኮት ዘግቶ ከውስጥ ሆኖ ማንሣት ይቻላል፤ ቤት ከጭስ ቀለም መደበቂያ ልብስ ይሻላል። የእጅ ስልክ ካሜራን በአቅራቢ መነጽር መመልከቻ ላይ አስጠግቶ ማንሣትም ይሠራል፤ ሁለቱን የሚያያይዝ ቁራጭ ከካርቶን መሥራት አያስቸግርም፤ መነጽሩ ግን መንቀሳቀስ የለበትም፤ የጤፍ ወይም የአሸዋ ከረጢት ላይ ቢያርፍ መልካም ነው።

ከምስሉ ጋር ማስታወሻ መያዝ ግዴታ ነው እንላለን። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ውኃው እስከ ወፏ የት ድረስ እንደነበረ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ወግታ ስንቱ እንደተሳካላት። አንድ ሺህ ውብ ምስል ያለ ማስታወሻ የግድግዳ ጌጥ ነው፤ ሃምሳ ተራ ምስል ከነማስታወሻው ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። የካሜራው ሰዓት ‹‹7፡00›› ሲል እኛ በአገራችን አቆጣጠር ‹‹አንድ ሰዓት›› እንደምንጽፍ አይዘነጋ፤ አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ግማሹ ማስታወሻችን ከምስሎቹ ስድስት ሰዓት ተራርቆ አንድ ቀን ሙሉ ሲያዳርቀን ዋለ። ከሁለቱ አንዱን መርጦ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ ነው።

ስልክ ያነሣው ምስል የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ይመዘግባል። የጎጆ ዛፍ ምስል ለሌሎች ከመላኩ በፊት ይህ መረጃ መጥፋት አለበት፤ ያለበለዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ዛፍ ሥር ሦስት ጀልባ ይቆማል፤ ጭልፊቶቹም ከላይ ይጠብቃሉ።